አስያ ያላነበበችው ምዕራፍ

አስያ ከአገር ወጥታ፣ ካባላጋላ በሚባል የባዕድ ከተማ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላት የጅማ ልጅ ናት። ሙህሲና ደግሞ ከወሎ መጥታ እዚያው ከተማ፣ ማኪንድዬ ሰፈር ከአስያ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤቷ፣ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። እህትማማች ናቸው ቢባል የሚጠራጠር አልነበረም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሃያ በኮሮና ምክንያት ሎክዳውን ታውጆ ሱቁም ትምህርት ቤቱም ሲዘጋ፣ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ እንኳ ሰው እንዳይጭን ሲከለከል፣ ሁለቱ ሴቶች ቀኑን በረንዳ ላይ ይገፉት ጀመር። ሙህሲና በስልኳ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው ያኔ ነው።

የጻፈችውን መጀመሪያ የምታነበው አስያ ነበረች። «ይህቺ ሴትዮ እንዲህ አትናገርም» ካለቻት ሙህሲና ትሰርዛለች። የወደደችው እንደሆነ ደግሞ ቀጥሎ ምን ይመጣል እያለች መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣታለች። ያለቀውን ምዕራፍ ሙህሲና ቴሌግራም ላይ ስትለቀው ደሴና ጅማ ድረስ አንባቢ አገኘች። አሳታሚ ፈልጊ ያሏት ነበሩ። እሷ ግን ጸሐፊዋም አሳታሚዋም ራሴ ነኝ፣ ይህን ቁረጪ ያንን ጨምሪ የሚለኝ የበላይ የለብኝም ትል ነበር። አስያ በዚህ ትኮራባት ነበር።

ከእነዚያ የበረንዳ ቀኖች በአንዱ አስያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። ልጅ ሳለች አገባሻለሁ ያላት ሰው አስረግዟት ጠፋ። ወለደች። ልጅ ያልነበራት ታላቅ እህቷ ሃፍሳ ሕፃኗን እንደ ራሷ ልጅ ልታሳድግ ተቀበለቻት፤ አስያም አውቶቡስ ተሳፍራ ጅማን ለቀቀች። መንገድ ላይ ያለችው ሰርቦ ከተማ ስትደርስ ግን አልቻለችም። ወረደችና በሌላ መኪና ተመልሳ እህቷ በር ላይ ቆመች። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሃፍሳ ታባብላታለች። ልቅሶው ሲቆም አስያ ሳታንኳኳ ተመልሳ ሄደች። ልጅቷ ተስኒም ዛሬ አድጋ አስያን አክስቴ ትላታለች። የአስያ ባል ይመርም ይህን አያውቅም። ሙህሲና አብራት አለቀሰች፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል ብላም ማለችላት።

አሥረኛው ምዕራፍ ካለቀ በኋላ ሙህሲና ቴሌግራም ላይ መልቀቅ አቆመች፤ የቀረውን አንባቢ ከመጽሐፉ ያግኘው አለች። ለአስያም አላሳየቻትም። አንቺም እንደ ሰው ጠብቂ ስትላት አስያ ስቃ ተወችው።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መጀመሪያ የሰዓት እላፊው ተነስቶ ካባላጋላ ነፍስ ሲዘራ፣ መጽሐፉ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት ወጣ። ምረቃው በማግስቱ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። ሙህሲና አዳራሹን ስታሰናዳ መጽሐፎቹን ለማምጣት የሄደችው አስያ ናት። ሠራተኞቹ ካርቶኖቹን ሲጭኑ አንዱን ቅጂ አንስታ ያልደረሳትን ምዕራፍ፣ አሥራ አንደኛውን፣ ገለጠች።

ስሞቹ ተቀይረዋል። ከተማዋ ግን ጅማ ናት። መካን እህት አለች፣ አውቶቡስ አለ፣ ከግራ ጆሮዋ ፊት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ምልክት ያላት ሕፃን አለች። ተስኒምን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነው። ሰርቦ ግን የለም። እናትየዋ አውቶቡሱ ሲነሳ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተንፍሳ እንቅልፍ ወሰዳት ይላል። አስያ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

መጽሐፎቹን ይዛ በቀጥታ ሙህሲና ወዳለችበት አዳራሽ ሄደች። የመጮህ ጠባይ የላትም፤ ምዕራፉን ገልጣ አሳየቻት።

«ስሙን እኮ ቀይሬዋለሁ» አለች ሙህሲና።

«ጆሮዋንስ?»

ሙህሲና መጽሐፉን ዘጋችው።

«ሰርቦስ የት ገባ? ተመልሼ እንደነበር ነግሬሽ የለም?»

«ሄዳ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ስትሄድ ታሪኩ ይላላል። አንዴ ስትሄድ ነው አንጀት የሚበላው።»

አስያ ይህን የሰማች ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ መልሱ አመማት። ምዕራፉን እንድታወጣው ለመነቻት። ሙህሲና ታትሞ አልቋል፣ ከእጄ ወጥቷል ብትላት፣ የበላይ የለብኝም ስትል የኖረችው ማን እንደሆነች ጠየቀቻት። ያን ጊዜ ሙህሲና ተረታች። ነገ አንድም ቅጂ እንደማይሸጥ፣ ምዕራፉ ተቀይሮ እንደገና እንደሚታተም፣ ለእንግዶቹም የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ እንደምታነብ ወላሂ ብላ ማለች። አስያ አመነቻት። የሁለት ዓመት ጎረቤት እንዴት አይታመን?

በማግስቱ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ሞላ። አስያ ከይመር ጎን ተቀምጣ ነበር። ሙህሲና ማይኩን ይዛ ቆመች፣ አስያ ወዳለችበት አላየችም፣ አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ሴቶች አለቀሱ። ይመር ራሱ ዓይኑን በእጁ ጠረገና ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ «እንዴት ያለች ጨካኝ ናት» አላት። ሲጨበጨብ አስያም አጨበጨበች፤ ባታጨበጭብ ሰው ያያታል። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ እየተሸጠ ነበር።

ቤት እንደገቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ለይመር ነገረችው። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእሷ ይስማ ብላ ነው። ይመር አልተቆጣም፤ ስለ ልጅቷም፣ ስለ ሰውየውም አልጠየቀም።

«ለሙህሲና የነገርሽ ጊዜ» አለ፣ «እኔ የት ነበርኩ?»

አስያ ጫማዋን አወለቀች። ሙህሲና እሷን እንደከዳቻት፣ እሷም ይመርን እንደከዳችው ያኔ ገባት። ለሳምንታት አንድ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተፈራርተው ኖሩ። ኋላ ይመር ስለ ልጅቷ በጥቂት በጥቂቱ መጠየቅ ጀመረ።

ንባቡ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ተለቆ ስለነበር ጅማ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሃፍሳ ደወለች። እያለቀሰች ተስኒም ራሷ እንደሰማችው፣ መስታወት ፊት ቆማ ጆሮዋን እንዳየች፣ እሷም ከዚያ ወዲያ መዋሸት እንዳልቻለች ነገረቻት። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«አክስቴ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር?»

አስያ ስለ ሰርቦ፣ በር ላይ ስለ መቆሟ፣ ስለ ልቅሶው ነገረቻት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«መጽሐፉ ላይ ግን የለም» አለችና ስልኩን ለሃፍሳ መለሰች።

ረመዳን ሲገባ ሙህሲና ሱቅ ድረስ መጣች። መጽሐፏ ተሸጦ አልቆ፣ ምዕራፉ ሳይቀየር እንደገና እየታተመ ነበር። ባንኮኒው ጋ ቆማ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አለች።

«ተስኒም ጋ ደውይ» አለቻት አስያ። «የቆረጥሽውን አንቺው ንገሪያት። እኔን አታምነኝም።»

ሙህሲና እሺ አለች፣ ቁጥሩን ስልኳ ላይ መዝግባ ወጣች። አስያ ረመዳኑን በሙሉ ደውላ እንደሆነ ሃፍሳን ስትጠይቅ ቆየች። ሙህሲና አልደወለችም።