የአቻምየለህ ድርሻ

ክፍሌ ስምንተኛውን ቀዳዳ ሲደፍን ፀሐይዋ ገና የመሐመድ ሞጌ ሰፈርን ቆርቆሮዎች ማሞቅ መጀመሯ ነበር። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቀዳዳዎቹን ቆጥሯቸዋል፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ ድንጋዩን ገምሰው ጡጫ ያስገባሉ፤ የቀሩት ከአውራ ጣት አይሰፉም። ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንካው ጫፍ ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ላዩን ደልድሎ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ግድግዳው የእሱ ድርሻ አልነበረም፤ አብሮት የሚሠራው የአቻምየለህ ነበር። አዲሱ ቤት ሲሠራ ከድሮው ቤት እንዳይፈርስ የተደረገው ይህ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። አቻምየለህ ዙሪያውን አሳምሮ ለስኖ፣ መሐሉ ላይ የበር ስፋት የሚያህል ቦታ እንዳለ ትቶታል። ክፍሌ ትናንት ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህን አይቶ ደስ አለው። በአምስት ወር ውስጥ ሰውየው ሲያጠፋ ያየው ገና ያን ጊዜ ነው።

"የሰው ድርሻ ውስጥ ምን አስገባህ?" አለው ዘይኑ፣ አሸዋና ሲሚንቶ እያቦካ።

"ሰነፍ የተወውን እየጨረስኩ ነው። ኤዶ ሲመጡ የማን እጅ ምን እንደሆነ ይዩት።"

"ለበሩ ክፍል ነው በለኛ።"

"ለሥራው ነው።"

"እህ፣ ለሥራው።" ዘይኑ አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። "እኔ አንተን ብሆን አልደክምም። እሳቸው የሚወዱት ልስን አይደለም። ሂድና አንተም አንድ ጦርነት ፈልግ።"

ክፍሌ ዘጠነኛውን ቀዳዳ ጀመረ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አርዶ ናቸው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ እንደ አገሬው "ኤዶ"፣ አክስት፣ ይሏቸዋል። ቤቱ ሲያልቅ በግቢው መግቢያ ያለውን የበሩን ክፍል ከጥበቃው ሥራ ጋር ከሠራተኞቻቸው ለአንዱ እንደሚሰጡ፣ ለማን እንደሆነም ዛሬ እንደሚናገሩ ነግረዋቸዋል። ክፍሌ ሐርጌሳ ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአምስት ወንዶች ጋር አንድ ቤት ይተኛል። ሚስቱ ዳግማዊት ጋአን ሊባህ ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው የሚገናኙት ዓርብ ዓርብ፣ ከቀትር እስከ ምሽት ነው፤ ያውም የሚቀመጡበት ስለሌላቸው አስፋልት ለአስፋልት ሲዞሩ ያመሻሉ። የበሩ ክፍል ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ከሃያ ነው። ክፍሌ ሁለት ጊዜ ለክቶታል። አልጋው የት እንደሚሆንም ያውቃል።

አቻምየለህ የመጣው ግን ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ሶማልኛ አይችልም፤ ኤዶ የሚሉትን የሚተረጉምለት ክፍሌ ነው። በመጀመሪያው ቀን "ይሄ ከየት መጣ?" ብለው ሲጠይቁ፣ "ከጎጃም ነው፤ ጦርነት አባሮት ነው" ብሎ የነገራቸውም ራሱ ክፍሌ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወተት ሻዩ የመጀመሪያ ብርጭቆ ወደ አቻምየለህ ይሄዳል። ኤዶ "ቃሖቲ" እያሉ ይጠሩታል፤ ስደተኛ ማለት ነው። ቃሉን እንደ ማዕረግ ነው የሚያወጡት። እሳቸውም የሶማሊያ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚሁ ከተማ ተነሥተው ይህንኑ ከተማ በደበደቡ ጊዜ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው፣ ሐርተሼክ መጠለያ ውስጥ ሦስት ዓመት ቃሖቲ ነበሩ።

ይህች ከተማ ሁሉን ነገር ከጦርነቱ ጀምራ ትቆጥራለች። አንዱን የጦር አውሮፕላን መሐል ከተማ ላይ ሰቅላዋለች። ባንዲራዋም፣ የራሷ ገንዘብም፣ "እኛ አገር ነን" የሚለው ክርክሯም የሚነሣው ከዚያው ነው። እዚህ ጦርነት መታወቂያ ነው፤ ክፍሌ ደግሞ ያ መታወቂያ የለውም። ከደብረ ብርሃን የወጣው ደሞዝ አንሶት ነው። ማንም አልተኮሰበትም። አንዳንድ ጊዜ ወላጆቹ በሰላም ውለው ማደራቸው ራሱ እንደ ጉድለት ይሰማውና በራሱ ያፍራል።

አሥራ አንደኛውን ደፍኖ ልስኑን የሚያለሰልስበትን ፍራታዞ ሲያዞር አቻምየለህ ዳቦ ይዞ ገባ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው። ግድግዳውን አይቶ ቆመ።

"ምን አደረግህ?"

"ሥራህን ጨረስኩልህ። አመሰግናለሁ አይባልም?"

"ኤዶ ተው ብለውኝ ነበር እኮ። አንተ አሸዋ ልታመጣ የሄድክ ዕለት።"

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ።"

ክፍሌ ሳቀ። ኤዶ የሚያውቁትን አማርኛ አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ የመጠለያ አማርኛ ነው፤ "ሰልፍ"፣ "ዱቄት"፣ "አልቋል"፣ "ነገ ና"። "ተው"ም ከመሐሉ መሆኑ ሲታወሰው ሳቁ ቆመ።

"ቀዳዳዎቹን በእጃቸው አንድ በአንድ እየነኩ ነው ያሉኝ" አለ አቻምየለህ። "ቋንቋ አላስፈለገኝም። እኛ ዘንድም የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥይት በስቶት እንዲህ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ታዋራኛለህ? የእሳቸውን ቃል ብቻ አቀብለኸኝ ነው የምትሄደው።"

በዚህ መሐል የውጭው በር ተከፈተ። ኤዶ ረጅም ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርገው ቀጥታ ወደ ግድግዳው መጡ። ጣታቸውን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ትንሽ ሰጠመ።

"ማነው ይህን ያደረገው?" አሉ በሶማልኛ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ። "ጠይቀው። እሱ ነው?"

ክፍሌ ፍራታዞውን መሬት አስቀመጠ።

"ከሐርተሼክ ስንመለስ ሰፈሩ ሁሉ ክምር ድንጋይ ነበር" አሉ። "ጣሪያውን፣ በሩን፣ የመስኮቱን እንጨት ሳይቀር ወታደሮቹ ነቅለው ወስደውታል። ወንድሜን እዚህ ጋ ነው አቁመው የረሸኑት። የት እንደተቀበረ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ያለኝ ይህ ነበር። ጠይቀው።"

ክፍሌ ወደ አቻምየለህ ዞረ። "ማን ደፈነው ነው የሚሉት።"

አቻምየለህ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ የተለቀለቀውን የክፍሌን ክንድ አየ፤ ቀጥሎም ሴትየዋን። "እኔ ነኝ በላቸው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን?"

"እኔ ነኝ በላቸው አልኩህ። እኔን ይምሩኛል። አንተን ግን ዛሬውኑ ያባርሩሃል። ሚስት አለህ።"

ክፍሌን ያቃጠለው እውነት መሆኑ ነው። ሰውየው የእኚህን ሴት ምሕረት ለሌላ እስኪተርፍ ድረስ ይዞታል፤ አሁን ደግሞ እንደ ዳቦው ቆርሶ ሊያካፍለው ነው። አንድ ቃል ብቻ ቢያዞር፣ ክፍሉ የእሱ ሊሆን ይችላል። ዳግማዊትን ዓርብ ዕለት ሻንጣሽን አምጪ ሊላት ይችላል። አልጋውን ባሰበበት ቦታ በዘረጋ ቁጥር ግን የአቻምየለህ ቸርነት ከሥሩ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ሻዩን ወስዶበታል፤ ኤዶንም ወስዶበታል። ቸር የመሆኑን ዕድልስ አልሰጠውም አለ በልቡ።

"ኤዶ" አለ በሶማልኛ፤ "የደፈንኩት እኔ ነኝ። እሱ እንዳሉት ትቶት ነበር። ስንፍና መሰለኝ። እርስዎ ዘንድ ላሳጣው ብዬ ነው።"

ኤዶ ሲሚንቶውን ከጣታቸው ላይ ቀስ ብለው ጠረጉ።

"አንተ ሶማልኛ ታውቃለህ" አሉ። "በየቀኑ ስለ አሸዋ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሲሚንቶ ታወራኛለህ። ስለዚህ ግድግዳ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

ክፍሌ የደፈናቸውን አሥራ አንድ ቀዳዳዎች አየ።

"አላባርርህም፤ ሥራህን ጨርስ። ክፍሉ የእሱ ነው። ንገረው፤ ቁልፉን ማታ ይውሰድ።" ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

"ምን አሉ?" አለ አቻምየለህ።

"የበሩን ክፍል ላንተ ሰጥተውሃል። ቁልፉን ማታ ውሰድ።"

አቻምየለህ ማመን አቃተው። ዳቦውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "እኔ እንደሆንኩ ነግረሃቸው? ይህን ሁሉ ይቅር ብለውኝ?"

ክፍሌ ዝም ቢል ሰውየው ኤዶን እንዳመሰገነ ይኖር ነበር፤ እሱም በሰውየው ውለታ እንደዳነ ይቆጠር ነበር። ማንካውን ባልዲው ውስጥ ነክሮ አጠበው።

"አላልኩም" አለ። "እኔ መሆኔን ነው የነገርኳቸው። አንተ ያደረግህልኝ ምንም ነገር የለም። ይህን ዕወቅ።"