ፌስታል የበላች ግመል

ኒቆዲሞስ የብረት ግመል ግልገሉን የኋላ እግር እየበየደ ሳለ ልጁ ስምረት የፌስታል ፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እያለከለከች ገባች።

"አባዬ፣ አቁመው። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ግን እናትየውን አልፈልግም ብሏል።"

"እንዴት? ራሱ አይደል እንዴ ያዘዘኝ?"

"ያዘዘህ ግመል ነው። ሆዷ ውስጥ የኛን ፌስታል ጠቅጥቅበት አላለህም።"

ኒቆዲሞስ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ቀና አለ። ሳቢያን ሰፈር ያለችው የቆርቆሮ ዳሱ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። ፊት ለፊቱ ከአሮጌ የባቡር ቡሎን፣ ከመኪና ሞላና ከበርሜል ቁራጭ የሠራት ግመል ቆማለች። በአርማታ ብረት የጎድን አጥንቶቿ መካከል ፌስታሉ ተጠቅጥቆ ይታያል፤ የታተመበት የፋብሪካው ስም ገና አልለቀቀም። ፌስታሉን ያመጣችለት ከሐርላ መንደር ወዲያ ግመል የምታረባው ፋርሂያ ናት። ከስታ ከስታ የሞተችባትን ግመል ሆድ ቀደው ቢያዩ ይኸው ወጣ። አጥባ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ መጣችና፣ "ብረት ያናግራል ይሉሃል፤ ይሄንንም አናግርልኝ" አለችው።

ግልገሉን የጨመረው ኒቆዲሞስ ከራሱ ነው። ሆዱ ባዶ፣ ነፋስ የሚያልፍበት። እሱ እንኳ ይደግ ብሎ።

"ግልገሉን ብቻ ነው የሚወስዱት" አለች ስምረት። "አረንጓዴ ቀለም ቀብተው ፋብሪካው በር ላይ ሊያቆሙት።"

"እምቢ ብልስ?"

ስምረት ሽርጧን ቁልቁል አየች። የሥራ ውሏ በዚህ ወር ያልቃል። ሥራ አጥታ ሁለት ዓመት እቤት የዋለችበትን፣ ሰው ሲመጣ ጓዳ የምትገባበትን ጊዜ ሁለቱም አልረሱትም።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔን አትጠይቀኝ አቦ!" አለች። "ቀኑን ሙሉ ፌስታል ስቆርጥ ነው የምውለው። እዚህ ሆድ ውስጥ ያለውንም እኔ የቆረጥኩት ይመስለኛል።"

ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ኒቆዲሞስ ግልገሉን አቅፎ ጎተተና አፉን ከእናቱ ጡት ሥር አስጠጋው።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ጡት ላስይዘው፤ እንዳይነጣጠሉ ልበይዳቸው። ከፈለጉ ሁለቱን ይውሰዱ፣ ካልፈለጉ ይተዉት።" ግልገሉ ከእጁ ተንሸራተተ፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው አልነበረም። "አንቺ ግን ውጪ። ስታግዢኝ ካዩሽ ውልሽ አበቃለት።"

ስምረት በሩን አየች። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ጓንት አንሥታ አጠለቀችና የግልገሉን አንገት ያዘች።

"እሺ፣ ፊትሽን አዙሪ" አላት።

ብየዳው ብልጭ አለ። ስምረት ፊቷን አዞረች፤ እጇን ግን አላነሳችም።