የሦስቱ እምቢልተኞች ማደሪያ

ጥበበኛው ፈጣሪ ለሰው ልጅ ሁለት ዐይን ሰጠው፣ ሁለት እጅም ሰጠው፤ ሁለት ዕድሜ ግን አልሰጠውም። ስለዚህ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በአንዲት ቀን ወደ ሁለት ሥፍራ የሚጠራ፣ በአንዲት ነፍስ ለሁለት ሥራ የታጨ ሰው ቢያጋጥምህ፣ ሰነፍ ነው ብለህ ለመፍረድ አትቸኵል፤ የጎደለው ትጋት ሳይሆን ቀን ነውና። ሕዝብ በአደባባይ የሚደሰትበት ዜማም ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎጆ ደስታ ተቈርሶ የሚመጣ ነው፤ ሰሚው ግን ጣዕሙን እንጂ የተቈረሰበትን ቤት አያውቅም።

በቀደመው ዘመን፣ ሹማምንት በነጋሪትና በእምቢልታ ታጅበው በሚወጡበትና በሚገቡበት ጊዜ፣ በበጌምድር ምድር በርብ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ቢተው የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር፤ እርሱም በጠባዩ ጭምት፣ በአነጋገሩ ቍጥብ፣ እጁ ለእርፍ የጠና፣ ከንፈሩ ለዜማ የለዘበ ሰው ነበረ። እምቢልታ እንደ ዋሽንት ብቻውን ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ አይደለም፤ ሦስት ሰዎች ሦስት ረጃጅም እምቢልታ ይዘው፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ በተራው ሲያስገባ፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል፣ ሦስተኛውም ሁለቱን ሲያስታርቅ፣ ከሦስት ጎዶሎ አንድ ምሉዕ ዜማ ይወለዳል እንጂ። ቀጭኑን ድምፅ የሚነፉት የጓዱ አለቃ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸውና ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ፣ አያ ውብነህ ነበሩ፤ ወፍራሙን የሚነፋው ጎረቤቱ ደርሶ፣ መካከለኛውን የሚነፋው ቢተው ነበር። ሦስቱም የሚያርሱት መሬት ከአባት የወረሱት ርስት ሳይሆን፣ የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል ለእምቢልታ አገልግሎት በአንድነት የሰጧቸው ማደሪያ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዜማው ይፈርሳል፣ ዜማው ቢፈርስ ማደሪያው ይነሣል፣ ማደሪያው ቢነሣ ሦስት ቤት ይፈታል። እንግዲህ ለቢተው ያው እምቢልታ መሬቱን የሚያቆይለት አለኝታ፣ ከመሬቱም የሚነቅለው ጠላት ሆነበት፤ በእምቢልታው ያገኘውን ማሳ በእምቢልታው ምክንያት ሳያርም፣ ሳያጭድ፣ ሳይወቃ የሚቀርበት ጊዜ በዛ፤ የጎደለውንም ሁሉ ሚስቱ ዘርፌ በዝምታ ትሞላው ነበር።

በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት ዘርፌ የመጀመሪያዋን ፅንስ ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን እንደ ያዘች፣ በኅዳር ወር ጤፉ ቢጫ ለብሶ ማጭድ በሚጠባበቅበት ሰሞን፣ ከፊታውራሪ ግቢ መልክተኛ መጥቶ «የፊታውራሪ ልጅ ትዳራለችና ነገ ከነእምቢልታችሁ ግቡ» ብሎ ነገራቸው። ዘርፌ ይህን በሰማች ጊዜ ከደጃፍ ቆማ ባሏን ተመለከተችው።

«ጤፉ ሳይታጨድ ልትሄድ ነው? እኔንስ በዚህ ሆዴ?»

«ሦስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን መጥቼ ማጭዱን ከእጅሽ እቀበላለሁ።»

«አንተ ሁልጊዜ የምትመጣው በአራተኛው ቀን ነው፤ የእኔ አቅም ግን በሦስተኛው ያልቃል» አለችው፤ ይህንንም ብላ ስንቁን ቋጥራ ሰጠችው።

ሦስቱ ቀን አራት ሆነ፣ አራቱም አምስት፤ የሙሽራው ወገኖች በዜማው እጅግ ስለ ተደሰቱ ፊታውራሪ እምቢልተኞቹን አላሰናብትም አሉ። በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዳሱ በጠጅና በፉከራ ግሎ ሳለ፣ ቢተው በምሰሶዎቹ መካከል አሻግሮ ቢመለከት፣ በርብ አቅጣጫ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቍሮ አየ። ልቡ ወደ ማሳው በረረ፤ ከንፈሩ ግን ከእምቢልታው ሊለይ አልቻለም፤ የደርሶ ወፍራም ድምፅ በወደቀ ቍጥር የእርሱ መካከለኛ ካልተቀበለው፣ የአያ ውብነህ ቀጭን ድምፅ በባዶ አየር ተንጠልጥሎ ይቀራልና። የመጀመሪያው መብረቅ በሩቅ ሲያበራ ቢተው አንዲት ተራ ሳተ። ዜማው ተሰናከለ፤ ፊታውራሪ ከተቀመጡበት ሆነው ገላመጡት፤ አያ ውብነህም ከመንፋት ሳያቋርጡ በዐይናቸው ለመኑት። እርሱም ትንፋሹን ሰብስቦ ተራውን ተቀበለ፣ እንባውም በጕንጩ እየወረደ እስከ ማምሻው ነፋ፤ እንግዶቹም «ይህ ሰው ምን ዓይነት ልበ ስስ ነው! በገዛ ዜማው ያለቅሳል» እያሉ አደነቁት።

በሰባተኛው ቀን ተሰናብተው ሲመለሱ የደርሶ ሚስት ስንዱ በወንዙ መሻገሪያ ቆማ ጠበቀቻቸው። ለባሏ ሰላምታ ሳትሰጥ ወደ ቢተው ቀርባ «ወንድሜ፣ ስለ እግዜር ብለህ ልብህን አጥና» አለችው፤ የሆነውንም ነገረችው። ደመናው ሲጠቍር ዘርፌ ማጭድ ይዛ ብቻዋን ወደ ማሳው ወጥታ ነበር፤ ስንዱና ሌሎች ሴቶች ሊያግዟት ሲደርሱ ጎንበስ እንዳለች ምጥ ይዟት አገኟት፤ በረዶው ጤፉን ከአፈር ሲደባልቀው እርሷ በነዶ ክምር ሥር ተገላገለች፤ ያለ ወሩ የተወለደው ወንድ ልጅም ጀንበር እስክትጠልቅ ብቻ ተንፍሶ፣ የክርስትና ስም እንኳ ሳያገኝ ዐረፈ። ቢተው ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ከመደቡ አጠገብ ተንበረከከ።

«ግንባሩ ያንተን ይመስል ነበር» አለችው ዘርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። «ስላላየኸው ነው የምነግርህ።»

ከዚያ ወዲያ አልከሰሰችውም፣ አልረገመችውምም፤ በፊቱ ምግቡን ታቀርባለች፣ ከጎኑ ሥራዋን ትሠራለች፤ ዝምታዋ ግን ከመርገም ይልቅ ጸናበት። ቢተውም ኀዘኑ ሲብስበት ብቻውን ወደ ፊታውራሪ ግቢ ሄዶ፣ እምቢልታውን በሁለት እጁ አቅርቦ፣ «ጌታዬ፣ ድርሻዬን ይንሡኝ፤ ከእንግዲህ ማረስ እንጂ መንፋት አልችልም» አለ። ፊታውራሪ ጓንጉልም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን የኖሩበትን ሥርዓት የሰው ኀዘን ሲፈታው ማየት የማይወዱ ሰው ነበሩ። «ሠርግና ሹመት መኸርን አይጠብቁም» አሉት። «አንተን ባሰናብት የሦስታችሁም ማደሪያ ይመለሳል። ሽማግሌውንና ያንን ባለ ልጆች ጎረቤትህን ከደጅ ልታወጣቸው ፈቅደህ እንደ ሆነ፣ እምቢልታውን እዚያ አስቀምጠው።» ቢተውም እምቢልታውን እንደ ያዘ ወጣ።

ዓመቱ ዞሮ ኅዳር ተመለሰ፤ ጤፉም ደረሰ፤ መልክተኛውም እንደ ልማዱ ለሹመት በዓል ሊጠራቸው መጣ። በዚህ ጊዜ አያ ውብነህ ለባልንጀሮቻቸው ሳይናገሩ ማልደው ከፊታውራሪ ፊት ቀረቡ። «ጌታዬ፣ ትንፋሼ አልቋል፤ ጕድለቱ የእኔ ብቻ ነው» አሉ። «የእኔን ሲሶ ከነአዝመራው ለተተኪ ነፊ ይስጡት፤ ለሁለቱ ግን አዲሱን ሰው እስኪያለማምዱት ድረስ ጊዜ ይስጧቸው።» ፊታውራሪም የሽማግሌውን ሽበት አይተው ቃላቸውን አመኑ፤ እስከ ፋሲካም ቀን ሰጡ። አያ ውብነህ አንድ ቍርበትና አንድ ጋቢ ይዘው ከማደሪያቸው ሲወጡ ዘርፌ በደጇ ጠበቀቻቸው፤ ምንም ሳትጠይቅ ቍርበቱን ከትከሻቸው ተቀብላ «ይግቡ አያ፣ ቤትዎ ነው» አለቻቸው።

በአጨዳው ቀን ቢተውና ዘርፌ ጎን ለጎን ሆነው ሲያጭዱ፣ ሽማግሌው ከድንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸው አርሰው ራሳቸው የዘሩትን የአጠገቡን ማሳ ሌላ ሰው ሲያጭደው ይመለከቱ ነበር። ቢተው ሊታገሥ ስላልቻለ ማጭዱን ጥሎ ቀረባቸው።

«አያ፣ መልክተኛው በመጣ ዋዜማ ሲለማመዱ ሰምቼዎታለሁ። ትንፋሽዎ እኮ አላለቀም!»

«አንተ ሰምተህ ከሆነ ፊታውራሪ አልሰሙም» አሉት አያ ውብነህ፣ ዐይናቸውን ከማሳው ሳያነሡ። «ቀኑ ሳይሄድብህ ተመለስና እጨድ። ሚስትህ ብቻዋን ናት።»

ቢተውም ተመለሰ፣ አጨደም፤ ነዶውም ተከመረ፣ አውድማውም ሞላ። ዘርፌ በዚያ ቀን፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሙን ጠርታ ውሃ አቀበለችው፤ እርሱም በሽማግሌው ፊት ለመጠጣት አፍሮ ጀርባውን አዙሮ ጠጣ። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ሸክም ተሸክሞ ሳይወድቅ የቆመ ሰው ብታይ፣ ጥንካሬውን ከማድነቅህ አስቀድሞ ከበታቹ ማን እንደ ጎበጠ ጠይቅ።