ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማቱ ጋር

ሚስትን መፍታት ይቻል ይሆናል፤ አማትን መፍታት ግን እንዲህ በዋዛ የሚሆን አይደለም። በተለይ አማትየዋ ቲያትር ወዳጅ ከሆኑ።

ግራፊክ ዲዛይነሩ ይህን የተረዳው ከፍቺው በኋላ በመጣችው የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ፒጃማውን እንኳ ሳያወልቅ ግድግዳ ግድግዳ እያየ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት አማቱ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ የክት ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል።

«እማማ! ምነው፣ ደህና?»

«ምን ደህና አለ፣ ቲያትሩ ሊጀመር ነው እኮ! እኔንም ፈታኸኝ እንዴ? ተነስ፣ ልበስ!»

ምን ያድርግ፣ ለበሰ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነች። ድሮ የሚሄዱት ሦስት ሆነው ነበር፤ የአማቱ ልጅ፣ ሚስቱ፣ መሃል ትቀመጥና ግራና ቀኝ ኦቾሎኒ ታድላለች። አሁን እሷ የለችም፤ ሁለቱ ግን ልማድ ሆኖባቸው በመሃላቸው አንድ ወንበር ይተዋሉ። የእሱ ካፖርት እዚያ ላይ ይቀመጣል። ቦታ ያጣ ሰው መጥቶ «ሰው አለው?» ሲል ሁለቱም እኩል «አለው» ይሉና እርስ በርስ ሳይተያዩ ወደ መድረኩ ያፈጣሉ።

በሥራ ቀንማ ዲዛይነሩ ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የሚውለው። የሳሙና መጠቅለያ፣ የብስኩት ካርቶን፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ይሠራል። ደንበኛ ይመጣና ከኋላው ቆሞ «ቀዩ ትንሽ ይቅላ» ይላል፤ ያቀላዋል። «አሁን በዛ» ይላል፤ ይመልሰዋል። አንዱ የሻምፑ ነጋዴማ ሥራውን ሲያገላብጥ ቆይቶ «በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን ሌላ ይሁን» ብሎት ሄዷል። ሰፈርተኛው ደግሞ «ሰዓሊው» ነው የሚለው። ሰዓሊ አለመሆኑን ማስረዳት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ጎረቤቶቹ በትዕግሥት ሰምተውት ሲያበቁ «እሺ ሰዓሊው» ብለው ይሸኙታል።

የቀለም ስንቁን የሚሸምተው ግን ቅዳሜ ነው። ብርሃን ያረፈበት መጋረጃ፣ የዳንሰኛዋ ሻርፕ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ያየው የዛገ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ ሁሉም ሰኞ ላይ የሆነ ካርቶን ላይ ብቅ ይላል። ሌላው ሰው አያውቅም፤ አማቱ ግን ሱቅ መደርደሪያ ሥር ቆመው ይይዙታል።

«ና እስቲ፣ ይሄ ሁለተኛው ክፍል ላይ የሞተችዋ ሴትዮ ቀሚስ አይደለም?»

«ነው መሰለኝ።»

«ነፍስ ይማር! ብስኩት ላይ አወጣሃት?»

ጎረቤቱ በዚህ ነገር ያደንቀዋል። «የፈታ ሰው አማቱን እንዲህ ሲጦር የት ታየ» ይባልለታል። እሱ ግን ምስጋናው ያሳፍረዋል፤ ልቡን ያውቀዋላ። ቅዳሜን በጉጉት የሚጠብቀው ከሴትየዋ አፍ ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል ብታመልጥ ብሎ ነው። አንዳንዴም ታመልጣለች። «ትናንት ደውላ ነበር፣ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል» ይላሉ፤ እሱም ይቺን ይዞ ሳምንት ይከርማል። ተሻላት ወይ ብሎ አይጠይቅ ነገር! ሌላ ባል አግብታ ሌላ ከተማ የምትኖር ሴት ጉንፋን ምኑ ነው?

አንድ ቅዳሜ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሄዱ። አማቱ እግራቸውን ሲደክማቸው ከአንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ብቻ ነው።

«አላለቀም እንዴ ይሄ?»

«አልቋል እማማ።»

«የእኔን ቤት ቀለም ቀቢ እንዲህ አድርጎት ቢሄድ ከደጅ እመልሰው ነበር።» ከዚያ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳይነቅሉ፣ «ልትወልድ ነው» አሉ።

ማን ብሎ አልጠየቀም።

«ወሯ ገብቷል። ማን አላት? ልሄድላት ነው። ከዚህ በኋላ እዚያው ነኝ፣ ልጄ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ፤ አፉ ብቻ ነው ያለው። ወደ ሰማያዊው ሲያይ ሲያይ ቆየ። ያንን ሰማያዊ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሥራ ላይ ነክቶት አያውቅም።

ግቢው ውስጥ ካለችው ሻይ ቤት ገቡ። ሻዩ መጣ። ዲዛይነሩ ስኳር ጨመረ፤ አማሰለ፤ ረስቶት ደግሞ ጨመረ። እንግዲህ ዛሬ ያልጠየቀ መቼ ሊጠይቅ ነው?

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ታነሳኛለች?»

አማቱ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እውነቱን ልንገርህ ወይስ ልዋሽህ?»

«ይዋሹኝ።»

«በየቀኑ!» አሉ ወዲያው፣ ሲዘጋጁበት የኖሩ ይመስል። «ጠዋት ሳታነሳህ ፊቷን አትታጠብም። ባሏን በአንተ ስም እየጠራችው ሰውየው አቤት ማለት ለምዷል። የጥርስ ሳሙና ስትገዛ እንኳ ይሄ ፊደል የእሱ እጅ ነው ብላ ካርቶኑን አትጥልም፤ ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኖ መተላለፊያ ጠፍቷል!»

ሳቁ። አስተናጋጁ ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። አማቱ በሶፍት ዓይናቸውን ጠረጉና ሶፍቱን አጣጥፈው ከብርጭቆው ሥር አደረጉት።

«አታነሳህም፣ ልጄ። እኔም ሳነሳህ ወሬ ትለውጣለች።»

«እሺ።»

«አሁን ሥራ ልዘዝህ። አራስ ልጅ ቀለም አይለይም አለችኝ አንዲት ነርስ፤ ደማቅ ጥቁርና ነጭ ነው የሚታየው አለች። ከአልጋው ራስጌ የምሰቅለው አንድ ነገር ሥራልኝ።»

«ለእሷ ልጅ? እኔ?»

«ለእኔ የልጅ ልጅ። የእሷን ማን አነሳ?»

ቀላል መስሎት ነበር። ሻምፑና ሳሙና ለምዶ፣ ማንም «ይቅላ» የማይልበት ሥራ ሲያገኝ እጁ ተሳሰረ። መጀመሪያ ፊት ሞከረ፤ ዓይኖቹ የማን ዓይን እየሆኑ እንደሚመጡ ሲያይ ደለዘው። ወፍ ሞከረ፤ ተወው። በመጨረሻ የቀረው አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ፣ አንዲት ትንሽ ክብ፣ ሦስት ወፋፍራም መስመር ነው። ወፍራም ወረቀት ላይ አተመው፤ ማዕዘኖቹ ልጅ እንዳይወጉ በመቀስ ክብ አድርጎ ቆረጣቸው። ስሙን አልጻፈበትም።

አማቱ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ ተቀብለው አገላበጡት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ስንት ቀን የተቀመጥክበት ይሄ?»

«ትንሽ ነገር ነው የሚያስቸግረው፣ እማማ።»

«ሰበብማ ሞልቶሃል» አሉና በሁለት ነጠላ መሃል አስገብተው ሻንጣቸውን ቆለፉ። ከዚያ አንገቱን ይዘው ሳሙት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሾፌሩ ጡሩምባ እስኪነፋ።

ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ቅዳሜ አልሆነም። ብቻውን ዳንስ ሊያይ ሄደ፤ ምንም ሳያይ ወጣ። ጆሮው ሥር «ያቺ ወፍራሟ ነች ጎበዟ» የሚለው ድምፅ ከሌለ ዓይኑ የሚያርፍበት ጠፋው።

ሌላ ቅዳሜ፣ ካልሲውን አድርጎ አንድ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ስልኩ ጮኸ።

«ሴት ናት!» አሉ አማቱ ያለ ሰላምታ። «ያንተን ነገር ስታፈጥበት ብታይ! ከእኔ ፊት እሱን ትመርጣለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። ማን ሠራው አለች?» ማንን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

«አልጠየቀችም። እኔም ከገበያ ነው ብያለሁ። ግን ስማ፤ ትናንት መኝታ ቤት ገባችና ትክ ብላ አየችው። ደህና የሰቀልኩትን አወረደችው። ጉዴ ፈላ፣ ልትጥለው ነው ስል፣ ዘቅዝቃ መልሳ ሰቀለችው።»

ዲዛይነሩ ጫማውን ጭብጥ አደረገ። «ትንሿ ክብ አሁን የት ናት?»

«ከላይ። እኔ ከታች አድርጌያት ነበር።»

ሲሠራት እንዳሰበው ከላይ ነበር የምትሆነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ወረቀቱም ላይ የሚያሳይ ምልክት የለም።

«በየት በኩል ከላይ? መስኮት ባለበት በኩል?»

«በመስኮቱ።»

«ቆማ ነው ያየችው? ስታዞረው ምንም አላለችም? በየትኛው እጇ ነው ያወረደችው?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ምኑን… ወይኔ ወተቱ! ወተቱ ገነፈለ፣ ቆይ!»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ ቋ አለ። የድስት ክዳን ተንኳኳ፤ ውሃ ተከፈተ፤ የሆነ በር ተገጨ። ከዚያ ከቤቱ ጓዳ የሌላ ሴት ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ቃሉ አልለይ አለው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ዋጠ። ሕፃኗ አለቀሰች፤ የዚያችው ሴት ድምፅ ዝቅ አለ፤ ሰው እሹሩሩ ሊል ሲል ድምፁን እንደሚያደርገው ለስለስ አለ፤ ቀረበ፤ ደግሞ ራቀ።

ማዶ ያለ ሰው መጥቶ እስኪዘጋው ድረስ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ።