የቀይዋ ላም ግምት

እርጉዝ ላም ስትገዛ ከሥጋዋ ጀምር። ዛሬውኑ ወደ ቄራ ብትነዳ በሚዛን ስንት ታወጣለች? እሱ ወለሉ ነው፤ ከዚያ በታች የሚሸጥልህ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ አብዷል። በላዩ ላይ ጡት የተወ ጥጃ ዋጋ ግማሹን ጨምር። ግማሹን ብቻ፤ በሆድ ያለ ጥጃ ገና ጥጃ አይደለምና። ከዚያ አፏን ከፍተህ ጥርሷን እይና ቀንስ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ያስቆመኝንም ሰው አልረሳሁትም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያስቆመኝ አባቴ ነው። ቀይ ጊደር ነበረችኝ፣ የራሴ፣ አያቴ የሰጠኝ። ታናሽ ወንድሜ ከተማ ገብቶ ይማር ሲባል አባቴ እሷን ነድቶ ሸጣት። እንግዶች ተቀምጠው፣ እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ቆሜ፣ «የዚህኛው ጭንቅላት ለከብት ነው፣ የዚያኛው ለደብተር» አለ። ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ፤ ልጅ ነበር፣ ግን ሳቀ። ጊደሯ አርግዛ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፣ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። በባዶ ሆድ ዋጋ ሄደች።

ወንድሜ የእንስሳት ሐኪም ሆነ፣ ዶክተር። እኔ በከብት ገበያው ገማች ሆንኩ። በእኛ ገበያ ሻጭና ገዢ ካልተስማሙ አንድ ገማች ይጠሩና እሱ ባለው ዋጋ ያድራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ሠላሳ ዓመት የሚጠሩት እኔን ነበር። «ጡጫው» ይሉኛል። በቀኝ በኩል ከሽንጧ በታች ጡጫህን ቀስ አድርገህ ትገፋለህ፣ ላላ ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ። ጥጃ ካለ ውሃ ላይ እንዳለ ጉቶ ሄዶ፣ ተመልሶ እጅህን ይነካዋል። ስንት ወሩ እንደሆነ ከአመላለሱ አውቃለሁ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ገበያው ውስጥ ሰው ሰብስቦ ሲያስተምር ስለ እኔ ተጠየቀ። «እሱ ግምት ነው፣ ምርመራ አይደለም» አለ። ሲናገር ጫማውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ አልሄድኩም።

በመካከላችን አንዲት እህት አለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥባለች፤ ጣቶቿ በበረኪና ነጥተው ጥፍሯ ጠርዙ ላይ ተልጧል። ጡረታ ስትወጣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ሰጧት። በእሱ በረት ከነሣሩ ለአንድ ዓመት ተከራየች፤ በቀረው አራት እርጉዝ የሥጋ ላሞች ልትገዛ አሰበች። ከጥጆቹ ሽያጭ የሚቀጥለውን ዓመት ኪራይ ልትከፍል። ሌላ ምንም የላትም። ባል የለም፣ ልጅ የለም፣ ያቺ ገንዘብ ብቻ።

ክፍሏ ጠርታኝ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ሁለታችሁም ብትመጡልኝ ደስ ይለኛል። አንተ ዋጋውን፣ እሱ ጤናውን።»

«ለአራት ላም ሁለት ገማች? ሽምግልና ነው እንዴ የምትልኪን?»

«ቀልዱን ተወው። የሃያ ሁለት ዓመት ላቤ ነው።»

«እሱ ከመጣ እኔ የለሁበትም።»

ጥፍሯን ስትልጥ ቆየችና፣ «እሺ። አንተ ና» አለች።

እውነቱን ልጻፍ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አንድ ሰው ከእሱና ከእኔ መርጦ እኔን ሲይዝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር።

በገበያው ቀን ሦስቱን ጥሩ አድርጌ ገዛሁላት። አንድ ጥቁር፣ ሁለት ዳማ። በዚህ ዛሬም ማንም አፉን አይከፍትብኝም፤ ከወለሉ ብዙም ሳልርቅ ነበር የያዝኳቸው። ገንዘቡ ለአንዲት ሲቀር ቀይዋን አየሁ። ግንባሯ ሰፊ፣ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ፣ ዓይኗ ረጋ ያለ። ጊደሬ ብታድግ ይህችን ትሆን ነበር አልኩ። ገማች እንዲህ ማሰብ የለበትም።

ሻጩ የተቦረሸ ጫማ ያደረገ ሰው ነበር፤ በከብት ገበያ እንዲህ ያለ ጫማ አይታመንም።

«ለምን ትሸጣታለህ?»

«ቦታ ልለቅ ነው፣ አባቴ። እንጂማ ይቺን ማን ይሸጣል?»

«ስንት ወልዳለች?»

«አራት። ቀንዷ ይናገር።»

ቀንዷን ያዝኩ። ላም በወለደች ቁጥር ቀንዷ ላይ አንድ ቀለበት ይወጣል። አውራ ጣቴን ከሥር ወደ ላይ ነዳሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጣቴ ባዶ ሜዳ ላይ ሄደ፤ የሌሎቹን እጥፍ የሚሆን ለስላሳ ቦታ። ከዚያ አራተኛው። እንዲህ ያለ ክፍተት አንድ ዓመት ጥጃ ጥላለች ማለት ነው። የጣለች ላም ለምን እንደጣለች ካልታወቀ አትገዛም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ጣቴ ነው የሚያውቀው።

ልተዋት ነበር። እምላለሁ፣ እጄን ከቀንዷ አንሥቼ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋልክ?» አለ አንድ ድምፅ።

ወንድሜ ነው። ከአጥሩ ማዶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። እህቴን አየኋት፤ እሷ መሬት አየች። ለእሱም ነግራው ኖሯል።

«ሦስቱ መልካም ናቸው፣ እጅህ ይባረክ» አለ። «ያቺን ቀይዋን ግን ተዋት። የፊት ጉልበቷ ላይ ያለው እብጠት አላማረኝም። የውርጃ በሽታ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ደሟን ልውሰድና ውጤቱን እንጠብቅ፤ ሦስት ቀን ነው።»

«ደንጊያ ላይ ተንበርክካ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ደሟ ይነግረናል።»

ሰው ተሰበሰበ። ገበያ ነውና ጠብ ሲሸት ከበሬም ሰው ይበዛል። አንዱ ደላላ፣ «ጡጫው! ዶክተሩ ፈተና ሊሰጥህ ነው! እርሳስ ይዘሃል?» አለ። ሌላው፣ «አራተኛ ክፍልን ዛሬ ይድገማት!» አለ። ሳቁ። ያ ሳቅ የእጅ ውሃ ይዤ የሰማሁት ሳቅ ነበር፣ አንድ ድምፅ አልጎደለበትም። ወንድሜ አልሳቀም፤ ግን ጫማውን አየ።

ጡጫዬን ከቀይዋ ጎን አስገባሁ። ጥጃው መጣና ነካኝ።

«ሰባት ወር» አልኩ ጮክ ብዬ። «አራት የወለደች፣ ጤነኛ።» ዋጋዋንም ጠራሁ፣ ሙሉ ዋጋ፣ ከሦስቱ የበለጠ። ሻጩ እንኳ ለአፍታ ዓይኑን አርገበገበ።

«እህቴ፣ ሦስት ቀን ብቻ» አለ ወንድሜ።

እሷ እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ጋሼ ካለ ይበቃኛል» አለችና ከደረቷ ገንዘቡን አወጣች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። የዋጥኩት እኔ ነኝ፤ የቆረጠው ግን የእሷን አንጀት ነው። ወንድሜ ያየው ጉልበቷን ነው፤ ቀንዷን አላየም። ክፍተቱን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ አፌን ከፍቼ፣ «አንተ ጉልበቷን አየህ፣ እኔ ቀንዷን አየሁ» ብለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አሥር ቃል እንኳ አይሞላም።

በአምስተኛው ሳምንት ቀይዋ ጣለች። እህቴ ብቻዋን ነበረች፤ በባዶ እጇ ስባ አወጣችው። ፀጉሩ በቅጡ ያልበቀለ ወንድ ጥጃ ነበር አለችኝ። የእንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ እሱንም በእጇ። ያ የተላጠ ጥፍሯ፣ ያ የተሰነጠቀ ጣቷ። ስትጠራኝ ሄድኩ፣ አየሁ፣ አወቅሁ። «መንገድ አናውጧት ነው» አልኳት። «ከሌሎቹ ለዪያት» እንኳ አላልኩም፤ ለዪያት ካልኩ ለምን ብላ ትጠይቀኛለቻ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

በወሩ ጥቁሯ ጣለች። ቀጥሎ ሁለቱ ዳማዎች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። እህቴ ጥጆቹን ከበረቱ ጀርባ በተርታ ቀበረቻቸው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ተረት የእሷ ሆነ፤ የእሷ እንዲያውም በመሬት ውስጥ ነው። ከዚያ ትኩሳቱ ጀመራት። ሲመሽ ይነሣባታል፣ ሌሊት በላብ ይለቃታል፣ ጠዋት መገጣጠሚያዋ አያላውሳትም። ወንድሜ ሲሰማ መጥቶ የላሞቹን ደም ወሰደ፣ እሷን ሐኪም ቤት አስገባ። የሁሉም ውጤት አንድ ሆነ። ከላሞቹ ወደ እሷ ነው የተሻገረው። ሃያ ሁለት ዓመት ስታጥበው የኖረችው አንሶላ ላይ ተኛች።

ልጠይቃት ስሄድ ወንድሜ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጧል። አልተነሣብኝም፣ አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ላሞቹ ባዶ ናቸው፣ ኪራዩም ሊያልቅ ነው» አለች። «ይሸጡ።»

እኔ ቀድሜ አስቤበታለሁ፤ አንድ ደላላም ጠቁሞኛል። ሩቅ ገበያ ወስዶ «ሦስት ወራቸው ነው» ማለት። በሦስት ወር ማን በእጁ ያውቃል? የእኔ ቃል ያን ጊዜ ገና ገዢ ነበረው። ነገሩን በዘወርዋራ ጀመርኩላት።

«ተው፣ ጋሼ» አለች። «እንደኔ ያለች አንዷ ናት የምትገዛቸው።»

ወንድሜ ምርመራ ወዳለበት ቄራ ብቻ መሄድ እንዳለባቸው ተናገረ። ከዚያ እንደምንም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን...» ብሎ ጀመረ። እህቴ አቋረጠችው።

«ተወው። ጋሼ ምን ያድርግ? በእጁ ነው እንጂ በዓይኑ ሆዷ ውስጥ አልገባ። ሰው ነው፣ ተሳሳተ።»

እጄን ያዘችኝ። እጇ ይፋጃል። አውራ ጣቴ መዳፏ ውስጥ ነበር፤ ያ ቀንድ ላይ የሄደ ጣት። ልነግራት የምችለው ያኔ ነበር። አልተሳሳትኩም፣ አውቅ ነበር ማለት። «ማሪኝ» እንኳ አላልኩም፤ ምሕረቷ ያልጠየቅሁትን ቀድሞ ሰጥቶኝ ነበር፣ እኔም እንደ ሌባ ተቀበልኩት። «እግዜር ያድንሽ» ብዬ ወጣሁ። እስከዛሬም አልነገርኳት።

ቄራው ውስጥ ገማች አያስፈልግም። ላሟ በብረት መተላለፊያ ገብታ መድረኩ ላይ ትቆማለች፣ መስኮቱ ላይ ቁጥር ይበራል፣ በቃ። የጥጃ ግማሽ የለ፣ የጥርስ ቅናሽ የለ፣ ወለሉ ብቻ። ወንድሜ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ሦስቱ አለፉ። ቀይዋ መጨረሻ መጣች፣ ከስታለች፣ ግን ዓይኗ ያው ረጋ ያለ ነው። በብረቱ መካከል እጄን ሰድጄ ጡጫዬን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ። ልማድ ነው። ገፋሁ፣ ላላ አደረግሁ፣ ጠበቅሁ።

«አባት!» አለ ሚዛን ያዡ ከመስኮቱ ውስጥ። «እጅዎን ያንሡልኝ፣ ሚዛኑን እያዛቡት ነው።»

አነሣሁ። ቁጥሩ ትንሽ ወረደ። ወንድሜ የወረደውን ጻፈ።