ያደረ መርዶ

ጀምበሬ መርዶውን የሰማው ጣራ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ካንድ ባለጸጋ ቤት አናት ላይ ወጥቶ ሙከይፍ ይጠግን ነበር። ሙከይፍ ሆዱ ገለባ የታጨቀበት የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ውሃው በገለባው ላይ እየተንጠባጠበ ማራገቢያው ነፋሱን አብርዶ ወደ ቤት ይሰደዋል። ካርቱም ላይ ያለ እሱ መኖር ምድጃ ውስጥ መኖር ነው። ሙቀቱ ሲያይል የየቤቱ እመቤት «ዌኑ ጀምበሬ? የት ገባ ይሄ ሐበሻ?» እያለች ታስፈልገዋለች፤ ሲበርድ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ጀምበሬ ግን ማን እንደረሳው አይረሳም። ፈጣሪ የሰጠው ስጦታ ቢኖር ይኸው ነው።

የደወለው ታናሽ ወንድሙ ባዬ ነበር፤ ከጎንደር።

«ወንድም ጋሼ፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አረፉ።»

«የትኛዋ ጸሐይወርቅ?»

«የጥዑመልሳን እናት ናቸዋ፣ የአይከሏ! ቀብረን መመለሳችን ነው። ሌላ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ካርቱም ያለ ሌላ የአይከል ሰው የኔ ወንድም ብቻ ነው ብዬ አደራውን ተቀብዬ መጣሁ። እባክህ ሽማግሌ ሰብስበህ አርዱት። እስከዚያው እሱ ቢደውልም ጎረቤቶቻቸው «ጠበል ገብተዋል» ይሉታል፤ ተስማምተናል።»

«እሺ፣ ምን ጣጣ አለው» አለ ጀምበሬ።

ያገሩ ወግ የታወቀ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻ ሄደውም አይነግሩትም። ሰው ተሰባስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ፊቱን ሳይታጠብ በሩ ይንኳኳል። ጀምበሬ ከጣራው ወርዶ፣ ረክሻ ይዞ፣ በቀጥታ አርካዊት ሰፈር ወዳሉት ሽማግሎች መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። የበሰበሰውን ገለባ እየመዘዘ ሲጥል ከንፈሩ ዳር ላይ አንድ ነገር ይመላለስ ነበር። ሣቅ ነበር።

ጥዑመልሳን የመረዳጃ ማኅበሩ ሰብሳቢ ነው። ፖሊስ ሐበሻ አፍሶ ሲወስድ ደውሎ የሚያስፈታ እሱ፣ ሙሽራ ሲዳር የሚመርቅ እሱ፣ ሰው ሲሞት የሚያስቀብር እሱ። ገና ከበር ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሣል። ጀምበሬ ደግሞ ንፍጡን በክንዱ ሲጠርግ ያውቀዋል፤ ባንድ ሰፈር አፈር ፈጭተው ነው ያደጉት። ከፍ ያለ ሰው ታች ሳለ ያየውን ሰው አይወድም፤ ይህ የጀምበሬ ትምህርት ነው፤ ሌላ ብዙም አልተማረ።

የማኅበሩ ምርጫ ዕለት አንድ የዋህ ሰው ተነሥቶ «ጀምበሬስ ኮሚቴ ቢገባ?» አለ። ጥዑመልሳን በዚያ ለስላሳ አንደበቱ፣ «ጀምበሬንማ ጣራ ላይ ነው የምንፈልገው! እዚህ ካስቀመጥነው ማን ያቀዘቅዘናል?» አለና አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ጀምበሬም ሣቀ። የሰዉ ሣቅ ይቅር፤ ዓመታት አልፈው እንኳ ጥርሱን የሚያስነክሰው ያ የገዛ ራሱ ሣቅ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሠርግ ላይ ከፊት ተቀምጦ ሳለ፣ «ጀምበሬ፣ አንተ የቤት ሰው ነህ፣ ለእንግዳው ልቀቅለት» ብሎ አስነሣው። የቤት ሰው! ከውሃ በርሜል ጎን ቆሞ ነው የበላው።

እንግዲህ በመጀመሪያው እሑድ ጀምበሬ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጥዑመልሳንን አየው። ሰውየው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሰው ተከቦ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይሥቃል። እናቱ አፈር ለብሳለች፣ እሱ ሸሚዝ መርጧል። አንዲት ቃል ብተነፍስ፣ አለ ጀምበሬ ለራሱ፣ ይህ ሰው እዚሁ አቧራው ላይ ይንከባለላል። ሰው ሥልጣን ሲሉት ወንበርና መኪና ይመስለዋል፤ ውሸት ነው። ሥልጣን ማለት የሌላውን ሰው ዕንባ ኪስህ ከትተህ መዞር ነው።

ጠጋ ብሎም፣ «ጋሽ ጥዑመልሳን፣ እናትህ ደኅና ናቸው?» አለው።

«ደኅና ናት፣ ተመስገን! ጠበል ገብታለች አሉኝ። ያ ጉልበቷ ነው መቼስ።»

«ጠበል ደግ ነው» አለ ጀምበሬ፤ ሣቁን ለመደበቅም አጎንብሶ የጫማውን አቧራ አራገፈ። ይህን ያህል የተከበረ ሰው! ያገራችን ሰው ሬሳ መደበቅ ሲሻ ጠበል እንደሚከት አያውቅም?

ጾሙ ይውጣ፣ አለ ጀምበሬ በልቡ። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነበር፤ ሰውስ ፋሲካን ሳያከብር እንዴት መርዶ ይረዳል? ከትንሣኤው በኋላ ኢንሻላህ ይነገረዋል። ምክንያቱ ለጆሮ ያምራል። አባቶች ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሣል ይዞ ስርቆት ያሉት ወደው አይደለም።

ሴትዮዋ የመጣችው ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበረች። ካላክላ ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል፣ መስኮቱ ላይ ያለችው አሮጌ ሙከይፍ ታቃስታለች። ማራገቢያው ዘይት አጥቶ ነው ብሎ ዘይት ቀባው። እንደገና አቃሰተች። ፈታታትና ገለባዋን ለወጠላት፤ ያን ጊዜ የለየለት የአሮጊት ሣል ሆነ። ያንን ሣል ያውቀዋል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አይከል ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጡ ነበር፤ ጠዋት ማታ ያስላቸው ነበር። በልጅነቱ ርቦት ባጠገባቸው ሲያልፍ «ና አንተ የማነህ» ብለው የጥዑመልሳንን ቁራሽ ለሁለት የከፈሉለት እርሳቸው ናቸው። ይህንንም አልረሳም፤ ግን ቂሙን ሲቆጥር ይህን ውለታ አብሮ አይቆጥረውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጣራ ላይ ይታዩት ጀመር። በጠራራ ፀሐይ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ተቀምጠው። አይናገሩም፤ አይቆጡም። የሚያለቅስላቸው ጠፍቶ ለራሳቸው ለቅሶ የተቀመጡ ይመስላሉ። ጀምበሬ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀጥሎ ተሳደበ። በመጨረሻ፣ ሌላ ማድረግ ሲያቅተው፣ አለቀሰላቸው። ገለባውን እያጠጋጋ፣ ባገሩ ዜማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወይ እማማ ጸሐይወርቅ፣ ያለ አልቃሽ የቀሩት» ይላል። ሲያለቅስላቸው ሣሉ ይተወዋል። ስለዚህ በየጣራው፣ በየቀኑ፣ ለጠላቱ እናት እሱ ልጅ ሆነላቸው።

የወሎዋ ልጅ ዘምዘም፣ የዐማራቱ ቤት ሠራተኛ፣ ውሃ ልታቀብለው መሰላል ስትወጣ ሰማችው።

«ጋሼ ጀምበሬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከሙከይፉ ጋር።»

«ሙከይፉን እማማ ትለዋለህ?»

ጀምበሬ ገለባውን ወደ ሣጥኑ አጨቀ።

«ሞት አለብህ እንዴ?»

«የኔ አይደለም። የሰው ነው። እሱ ገና አልተረዳም።»

«ያ ረቢ! ይህን ይዘህ ነው ጣራ ለጣራ የምትዞር?» ኩባያውን ይዛ ቀረች። «እናቴ፣ መርዶ ካደረ ይሸታል ትል ነበር። የሰው እናት ሸሽገህ ምን ልትሠራባት ነው?»

«ውሃውን ስጪኝና ውረጂ።»

«እሰጥሃለሁ። ግን ያላ፣ ዛሬውኑ ንገረው፤ ፊትህን አይተኸዋል?»

ባዬም በየጊዜው እየደወለ ይነተርከው ነበር። «ነገራችሁት?» ይለዋል። «ነገ» ይላል ጀምበሬ። «ኧረ ወንድም ጋሼ፣ አርባቸው ደረሰ እኮ! አደራ በላ ልታስብለኝ ነው? ልጃቸው ሳያውቅ ተዝካራቸውን ጎረቤት ያውጣ?» በመጨረሻ ተቆጥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ጀምበሬ ቢደውል ስልኩ አይነሣም። የባዬን ሚስት ቢያገኛት፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሎ፣ «ባዬማ ጠበል ገብቷል፤ ጨጓራው ተነሥቶበት» አለችው።

«ይግባ፣ ደግ አደረገ» አላት ጀምበሬ። «ኩርፊያውም አብሮ ይውጣለት።»

እሷ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው። አርካዊት ክርስትና ተጠርቶ እንደ ልማዱ በር ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ ጥዑመልሳን ራሱ ከወንበሩ ተነሣ። «ጀምበሬ፣ ወዲህ ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለው። የራሱን ወንበር! ውዴ፣ የማኅበሩን ምግብ የምታሰናዳው ሴት፣ ሳይጠይቃት ምስሩን ጨመረችለት፤ ስትጨምርለትም ዓይኗን ከፊቱ አሸሸች። ቀልድ ነገር ጣል ቢያደርግ፣ የማያሥቅ ቀልድ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሣቁለት። ሲወጣ አንዱ ትከሻውን ዳበስ አደረገው፣ ሌላው «አይዞህ» አለው።

ጀምበሬ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። የያዝኩት ነገር ሽታው ወጥቷል፣ አለ በልቡ። ሥልጣን ያለው ሰው ባይናገርም ይታወቃል። በሐፍላ፣ በትንሿ አውቶቡስ፣ ተጋፍቶ ወደ ካላክላ ሲመለስ እንኳ እንደ ሹም ነበር የቆመው። አጠገቡ ያለ ሰው ሣለ። የአሮጊት ሣል። ጀምበሬ ቀና ብሎ አላየም።

ትንሣኤው መጣ፤ አለፈም። ሙቀቱ ካርቱምን ጨበጣት። በማግስቱ ጣራ ላይ ሲወጣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከጥላው ወጥተው ፀሐዩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ አርካዊት፣ ወደ ልጃቸው ሰፈር፣ ነበር። አለቀሰላቸው፤ ሣላቸው አልተወም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ» አላቸው ጀምበሬ ጮክ ብሎ፣ ሰው ይስማ አይስማ ሳይል። «ነገ ሽማግሌ እሰበስባለሁ፤ ማርያምን።»

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ከፈተ። ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ጠባቧን ግቢ ሞልተዋታል፤ ከኋላቸው ውዴና ሴቶቹ። ከሁሉ ፊት ጥዑመልሳን። ሰምቷል፣ አለ ጀምበሬ በልቡ፤ የደበቅሁበትን ሰምቶ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው የመጣው።

«ጋሽ ጥዑመልሳን… ዛሬ ልነግርህ ነበር። ማርያምን፣ ዛሬ ነበር።»

«ቁጭ በል ወንድሜ» አለው ጥዑመልሳን፤ አንደበቱ ያ ለስላሳው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠውና ክንዱን በወገቡ ዙሪያ አሳለፈ፣ እንዳይወድቅ የሚያዝ ሰው እንደሚያዝ። «ሰው ነን ጀምበሬ። የማይቀር ነው። ለፋሲካው ብለን ነው የያዝነው፤ ወሬው ለውዴ ጎንደር ካሉ ዘመዶቿ ነው የመጣላት። ወንድምህ ባዬ አርፏል።»

«ባዬማ ጠበል ገብቷል» አለ ጀምበሬ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ያን ጊዜ ወንበሩ ታወሰው፤ ምስሩ፣ ያ የችኮላ ሣቅ፣ ያ «አይዞህ»። ይህን ሁሉ ጊዜ ሹም ነኝ ብሎ ሲንጎራደድ እነሱ ሐዘንተኛ ይዘው ነበር።

ተነሥቶ ደረቱን መታ። ጩኸቱ ወጣ፤ የወንድሙን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። አፉ ግን ሲሠራ የከረመውን ነው የሚያውቀው።

«ወይ እማማ ጸሐይወርቅ!» አለ። «ወይ እማማ ጸሐይወርቅ፣ ያለ አልቃሽ የቀሩት! ልጅዎ ሳይሰማ አፈር የገቡት!»

አንዷ ሴት፣ «ነፍሱን ስቷል፣ ውሃ አምጡ» አለች። ሙከይፏ ብቻ ትንጠባጠባለች።

በወገቡ ዙሪያ ያለው ክንድ ድርቅ አለ።

«ማን አልክ?» አለ ጥዑመልሳን በቀስታ።

ጀምበሬ ዞሮ አየው። ሲመኘው የኖረው ፊት ይኸው ፊቱ ነበር፤ ደም የራቀው፣ አፉ ክፍት፣ እንደዚያ ንፍጣም ልጅ። ምንም አልጣፈጠውም።

«መቼ?»

«ሁዳዴ ሲገባ። ባዬ ነበር የነገረኝ። ላንተ እንድናገር።»

ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ፣ «አንተ ሰው አይደለህም!» ብሎ ከዘራውን አነሣ። ጀምበሬ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ፤ ቢመቱት ደስ ባለው። ጥዑመልሳን ግን በነፃ እጁ ከዘራውን ያዘ። ዕንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

«ተዉት» አለ በመጨረሻ። «የባዬን አስቀድመን እናልቅስ። እሷ መጠበቅ ለምዳለች።»

ክንዱንም ከጀምበሬ ወገብ ላይ አላነሣም። እንዲያውም ጠበቅ አደረገው፣ አጥንቱ እስኪሰማው፤ ከዚያም በዚያ ሰው ሁሉ በሚነሣለት ድምፁ የባዬን ስም እየጠራ ለጀምበሬ ወንድም አለቀሰለት። ሴቶቹ ተቀበሉት። ጀምበሬ ከክንዱ ለመውጣት ታገለ፤ አልቻለም።

በጥዑመልሳን ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ መስኮቱ አየ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከሙከይፏ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ልጃቸውን እያዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ።