ጎድጓዳው መስታወት

«ጠጋ በይ» አለች ፈሂማ፣ መስታወቱን ራሷ ይዛ። «ከሰው አፍ ከምትሰሚው ራስሽ እዪው።»

ሪሀና ጠጋ አለች። ፋሻው ከፊቷ የተነሣው ገና ዛሬ ጠዋት ነው። የፈላ ዘይት ጉንጯ ላይ ከተፈናጠረባት ወዲህ አክስቷ ፈሂማ «እንዳትጨነቂ» ብላ በሲኤምሲው ቪላ ውስጥ የነበረውን መስታወት ሁሉ ሰብስባ ቆልፋበታለች። አሁን ያመጣችው የባሏን የጢም መላጫ መስታወት ነው፤ ክብ፣ በመቆሚያው ላይ የሚገለባበጥ፣ ፊቱ እንደ ጭልፋ ጎድጎድ ያለ።

መስታወቱን የሞላው ጉንጭ ብቻ ነበር። የተቃጠለው ቦታ መዳፍ አክሎ፣ ቀልቶና ተጨማድዶ ይታያል። ዓይን ሞኝ ነው፤ ያሳዩትን ይቀበላል እንጂ ብርሃኑ የት ላይ እንደታጠፈ አይጠይቅም።

ሳሎን የተቀመጡት የሰዓድ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰዓድ ቦሌ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው የወሎ ልጅ ነው፤ ከአደጋው በኋላ ፊቷን ባያይም «ለኔ ያው ሪሀና ናት» ብሎ ልኳቸዋል። በደንቡ ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ ቃሏን የምታደርስላት አክስቷ ናት። አክስቲቱ ደግሞ ራሕማ የምትባል ያላገባች ልጅ አለቻት።

«ምን ልበላቸው የኔ ልጅ? ነገ አይቶ ከሚጸየፍሽ...»

«አልፈለገችም ይበሏቸው፣ አክስቴ።»

ፈሂማ እንባዋን በገዛ ሻርፗ ጠረገችላት፣ «አይዞሽ» አለቻት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ ወዲያው ድምፅዋ ከሳሎን ተሰማ።

«እሷ አልፈቀደችም። የኔዋ ራሕማ ግን አለች፤ ቤቱ እንደሆነ ያው አንድ ቤት ነው።»

ሪሀና ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች። መስታወቱ ውስጥ ፊቷ ደበዘዘ፣ ጠፋ፤ ሌላ እርምጃ ስትርቅ ተመልሶ መጣ፣ ተዘቅዝቆ። ራሷ ታች፣ ኮርኒሱ ከሷ በታች። መስታወቱ እንደሚያሳስት ያን ጊዜ ነው የገባት። ሮጣ ገለበጠችው። ጀርባው ዝርግ ነበር፤ ዝርጉ ውስጥ የምታውቀው የራሷ ፊት፣ ጉንጯ ላይ ባቄላ የማታህል ጠባሳ። ለዚች ብላ ነው ሰዓድን እምቢ ያለችው።

በጓሮ በር ወጣች። ሰዓድ ውጭ መሪ ላይ ሆኖ ሽማግሌዎቹን ሲጠብቅ ቆይቷል፤ እነሱም ወጥተው ዲኤክሱ ውስጥ ገብተው መኪናዋ መንቀሳቀስ ጀምራለች።

«ሰዓድ!»

ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። ሪሀና ደርሳ የኋላውን መብራት ልትነካ እጇን ዘረጋች። በጎኑ ስፖኪዮ ውስጥ ዓይኖቹን አየቻቸው፤ እሱም አያት። መስታወቱ ግን ወደ ውጭ ያበጠ ነው። ለሰዓድ ያሳየው ጣት የምታክል ሴት ነው፤ ከሩቅ፣ ከአጥሩ ሥር ቆማ፣ እጇን ለስንብት ያነሣች።

ሰዓድም እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበላት። ዲኤክሷ ወደ ሳሊተ ምሕረት ታጠፈች።